የጐደለው ዕቃና የጐደለው እምነት

የሰውን ገንዘብ መውሰድ ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስርቆት ክፉ መሆኑን አይደለም። በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ዕቃ ወይም ገንዘብ ጐድሎ፥ የወሰደው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር፥ ባለቤቱ በሠራተኞቹ ላይ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ ድርጅት ስም ነው። እንግዲህ ሠፈሩ ከስሙ ጀምሮ የደመወዝተኛ ሠፈር ነው። ኋላም ሆቴሉ፥ ምግብ ቤቱና ሱቁ በዛበት። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነባር ቤት ቢፈርስም፥ በካዛንቺስም ሆነ በቀረው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሰው እጅ የሚሠራው ንግድ አልቀረም። ገንዘብ ያዡ፥ አስተናጋጁና የዕቃ ቤት ኃላፊው የራሳቸው ያልሆነውን ሀብት በየቀኑ ይቆጥራሉ። ባለቤቱ በሁሉ ቦታ ሊገኝ ስለማይችል ያለ አደራ ሥራው አይሄድም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአደራ የተቀበሉትን ለራስ ማድረግን ከተራው ስርቆት ለይቶ «እምነት ማጉደል» ብሎታል። ስሙ ተገቢ ነው፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚጐድል ሌላ ነገር አለና።

አባቶቻችን ሌባው ሲጠፋባቸው ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ብላቴና ወገቡን በመቀነት ተይዞ ይሄድና፥ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ በደለኛው እስኪገለጥ ድረስ አይበተንም፤ ካልተገለጠም ዕዳው በሁሉ ላይ ይወድቅ ነበር። የመጀመሪያው ንጹሑን በዕድል ይፈርድበታል። ሁለተኛው ግን ያየ ሰው እንዲናገር ለማስገደድ የታሰበ ስለ ነበረ፥ ከባድ ቢሆንም ምክንያት አልጐደለውም።

ሁለቱም ቀርተዋል ብንል፥ አውጫጭኝ መልኩን ለውጦ በንግድ ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። በወር መጨረሻ ቆጠራ ተደርጎ ጉድለት ሲገኝ፥ «ተካፈሉት» ብሎ ከሁሉም ደመወዝ የሚቆርጥ ባለቤት አለ። እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። አሥር ሠራተኞች ባሉበት ቤት አንዱ 1,000 ብር ቢሰርቅና ጉድለቱ ለአሥሩ ቢካፈል፥ የእያንዳንዱ ድርሻ 100 ብር ይሆናል። ሌባው 900 ብር አተረፈ፤ ዘጠኙ ንጹሓን ትርፉን ከኪሳቸው ከፈሉለት። በሚቀጥለው ወር ከዘጠኙ አንዱ «ሳልበላ ከምከፍል በልቼ ልክፈል» ቢል፥ ይህን ትምህርት ያስተማረው ማን ነው?

ሕጉም ይህን አይወድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፥ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ነገር ግን እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ የሚፈርም ሰው በእውነት ተስማማ ለማለት ያስቸግራል። ፊርማው ባለቤቱን ከክስ ያድነው ይሆናል፤ ከኅሊና ወቀሳ ግን አያድነውም።

ባለቤቱ በበኩሉ «የተጐዳሁት እኔ ነኝ፤ ኪሳራዬን ማን ይከፍለኛል?» ይል ይሆናል። አቤቱታው እውነት አለው። ሆኖም ቁልፉን ለስንት ሰው እንደሚሰጥ፥ በየፈረቃው ርክክብ እንዲደረግ፥ ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚይዘው የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ ሊያዝ የሚችል እርሱ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ይህ ሥልጣን የለውም። ሥልጣን በሌለበት ዕዳ መጫን ፍርድ አይባልም። ቁጥጥርን እንደ ስድብ የሚቈጥሩም አሉ፤ እኛ ግን ዕለት በዕለት የሚደረግ ቆጠራ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ታማኙን ነው እንላለን፤ ንጽሕናውን በወረቀት ያስመሰክርለታልና።

ድህነትን ለሌባው ማመካኛ የሚያደርጉም አይጠፉም። ደመወዙ ለኑሮ የማይበቃ ከሆነ ባለቤቱ ሊያስብበት ይገባል። ነገር ግን በዚያው ደመወዝ፥ በዚያው ችግር የሚኖረው ጓደኛው አልሰረቀም። ሌባውን በድህነቱ ነጻ ብናወጣው የዚህን ድሀ ታማኝነት ከንቱ እናደርገዋለን። ደግሞም «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው እዚህ ይሠራል፤ ትንሹን ጥፋት አይቶ ዝም ያለ አለቃ በትልቁ ቀን ቢቈጣ ዘግይቷል።

እንግዲህ የወሰደው ሰው በማስረጃ ሲታወቅ፥ ቃሉ ተሰምቶ፥ በሕግ ይጠየቅ፤ አዋጁም የአሠሪውን ንብረት ለራሱ ያደረገውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። ሳይታወቅ ሲቀር ግን ባለቤቱ ጉድለቱን ራሱ ተሸክሞ የቤቱን አሠራር ያቃና። ይህ ኪሳራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የጠፋው ገንዘብ በሥራ ሊተካ ሲችል፥ ባልሠራው ጥፋት የከፈለ ሠራተኛ እምነት በቀላሉ አይመለስም። የሰውን ሥራ በኃላፊነት የምንመራ ሁሉ፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ቤት፥ ይህን ልናስብበት ይገባል።