ብድራትና ቸርነት

የሰጠውን ያህል መልሶ የሚቀበል ሰው ቸር ይባላልን? ወይስ ነጋዴ ነው? የዚህን ጥያቄ መልስ ከዛፍ ሥር መፈለግ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል።

በትግራይ ሞሞና የሚባለው ግራር በበጋ ለምልሞ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከሥሩ የተዘራውም እህል ጥላ ሳይከለክለው ይፋፋል። ለዚህ ልምላሜ ከጥላው የሚያርፉት ከብቶች ፍግ ድርሻ አለው፤ ሌላው ምክንያት ግን ናይትሮጅን ነው። ከአየር ከ100 እጅ 78ቱ እርሱ ሲሆን ተክል እንዳለ ሊመገበው አይቻለውም፤ የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። ይህን ምግብ የሚያበጁለት በሥሩ እባጭ ውስጥ የሚኖሩት፣ ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው። የአተርና የባቄላ ወገን የሆኑትን የአብዛኞቹን ተክሎች ይህን ምሥጢር ጀርመናውያኑ ሔልሪገልና ዊልፋርት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 በጽሑፍ ገለጡት። እባጩ በሥራ ላይ ሳለ ቢሰነጠቅ ውስጡ እንደ ደም ቀልቶ ይታያል፤ በሽታ ነው ብሎ የሚቈርጠው ሰው ጎተራውን ያፈርሳል።

ተክሉም በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ለባክቴሪያው ይሰጠዋል። እንግዲህ ነገሩ ወንፈል ነው። ወንፈልን ማንም ቸርነት አላለውም፤ ነውርም አላለውም። ጭንቁ የሚመጣው ባልዋ የሞተባት፣ ልጆችዋም ያልደረሱላት መበለት ስትመጣ ነው። የምትመልሰው የሥራ ቀን የላትም፤ እርሻዋ ጦም ይደር?

አንዳንዶች «ፍጥረት ራሱ የማይሠራውን አያበላም» ይላሉ፤ ማስረጃም አያጡም። በዚያው አቈጣጠር በ2003 የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፣ የአኩሪ አተር ሥር ናይትሮጅን በማይሰጡት ባክቴሪያዎች ላይ ኦክሲጅን ይቀንስባቸዋል፤ ዘራቸውም ይመነምናል። ነገር ግን ምርመራው እንዴት እንደ ተደረገ ልብ ይሏል። መርማሪዎቹ በናይትሮጅን ፈንታ አርጎን የተባለውን ሌላ አየር አስገቡ፤ ባክቴሪያዎቹም የሚሠሩበትን አጥተው እንጂ ሰንፈው አልነበረም ባዶ እጃቸውን የቀሩት። ሥሩ እንቢ ያለውንና ያልቻለውን አልለየም፤ ልብ የለውምና ሊለይም አይችልም። ሰው ግን ይለያል። ስለዚህ መበለቲቱን በአኩሪ አተር ሕግ የሚፈርድባት ጎረቤት ከፍጥረት ተማርሁ ቢል፣ የተማረው ዕውቀት ከጎደለው ክፍል ብቻ ነው።

የግራሩ ቅጠል ከረገፈ በኋላ ደግሞ ወንፈሉ ያበቃል፤ ከሥሩ የበቀለው ገብስ ለዛፉ አንድ ቀን እንኳ አልሠራለትም። ይህን ቸርነት ማለት ያስቸግራል፤ ዛፉ አላሰበውምና። ገብሱ ግን ይጠግባል። የመበለቲቱም ልጆች፣ በደቦ የወጣው ጎረቤት ለምስጋና ይውጣ ለጽድቅ፣ እርሻው በጊዜው ከታረሰ እንጀራ ይበላሉ።