ዓይን ወይስ ደብተር?

ልጅን ሳይንስ ስናስተምር «እመነኝ» የማለት መብት አለን ወይ? መቼስ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለፍልስፍና ክፍል እንጂ ለሰባተኛ ክፍል የሚሆን አይመስልም። እኔም ብሆን ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ አፌን ባታስይዘኝ ኖሮ ብዬም አላስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ማስጠናት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደረሱኝ። የቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ ግን የሳይንስ ሰው ጠፋና «አንተስ ተምረኸው የለ?» ተብዬ ገባሁ። ልጆቹ እንዲነቃቁ በሚል በትክክል ለመለሰ እስክርቢቶ እሰጣለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላማ ክፍሉ ሁሉ እጅ በእጅ ሆነ፤ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!»

አንድ ቀን የሻማውን ሙከራ አሳየኋቸው። ሰሐን ላይ ውኃ አድርጌ፣ መካከሉ ላይ ሻማ አቁሜ ለኮስኩና ብርጭቆ ደፋሁበት። ሻማው ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፤ ውኃውም ብርጭቆው ውስጥ ከፍ አለ። ለምን? ልጅ ሳለሁ የተማርኩት መልስ ዝግጁ ነበር፦ ሻማው ኦክሲጅኑን በላው፣ ኦክሲጅን ደግሞ የአየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሆነ ውኃው የእሱን ቦታ ያዘ። አንዱ ልጅ ይህንኑ እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደውና እስክርቢቶውን ወሰደ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ፣ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ «ግን እኮ ቲቸር፣ ውኃው የወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። ሻማው ሲነድ ውኃው እምብዛም አልተነቃነቀም፤ ሽቅብ ያለው እሳቱ ከጠፋ ወዲያ ነው። ምክንያቱ የኦክሲጅን መበላት ቢሆን ኖሮ እሳቱ እየነደደ ሳለ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት። እኔም አይቼዋለሁ እኮ! ታዲያ ምን አልኳት? «አንቺ ዝም ብለሽ ይህን ጻፊ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው።» ጻፈች።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፊዚክስ ለሚያጠና ወዳጄ ደወልኩለት። ሳቀብኝ። እሳቱ አየሩን ያሞቀዋል፤ ብርጭቆው ሲደፋ የሚይዘው ይህንን የሞቀና የሰፋ አየር ነው። እሳቱ ሲጠፋ አየሩ ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ የውጭው አየር ውኃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ኦክሲጅኑም ቢሆን ተሟጦ አያልቅም፤ አብዛኛው እያለ ነው ሻማው የሚጠፋው። የተበላውም ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ሆኖ እዚያው ይቀራል እንጂ ባዶ ቦታ ትቶ አይሄድም።

«ደሞስ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። «ልጅ ሁሉን ነገር በዓይኑ አይቶ አይማር። መሬት ፀሐይን ስትዞር አንተ አይተሃል?»

አላየሁም። በዚህ ረታኝ። እናት ልጇን እጅህን ታጠብ ስትል ተሕዋስያኑን በማይክሮስኮፕ እስክታሳየው አትጠብቅም፤ መጠበቅም የለባትም። ያለ እምነት ትምህርት አይቆምም። ይሁንና የልጅ ዓይን በማይደርስበት ነገር «ለጊዜው እመነኝ» ማለት ሌላ፣ ያየውን «አላየሁም በል» ማለት ሌላ ነው። እኔ ያደረግሁት ሁለተኛውን ነው። መልሴ እንኳ እውነት ቢሆን ኖሮ በድያታለሁ፤ ምክንያቴ ፈተናው ነበርና። አያቱ ነግረውት ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ነው የሚል ልጅና መምህሩ ነግሮት የብርሃን ስብራት ነው የሚል ልጅ፣ ሁለቱም ቀና ብለው ካላዩት፣ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? (የአያትየው እንዲያውም ያምራል።)

ለዚህ ሁሉ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የሚወቅሱ ብዙ ናቸው፤ ሽምደዳ ከዚያ ነው የመጣብን ይላሉ። ግማሹን ብቻ ያወቁ ይመስለኛል። እርግጥ ነው ንባብ ቤት ልጁ ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆነውም፤ የሌላ ሰውማ ጭራሽ ነውር ነው። ብቻውን ሜዳ ወይም ጫካ ወጥቶ የራሱን ቆጥሮ ይመጣል፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገ ደግሞ እንደገና። እስክርቢቶ የሚሸልመው የለም። የሚያነቃው የራሱ መሆኑ ነው። ግሱንም አገባቡንም በቃሉ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ሽምደዳን አልንቅም። ግን የሳይንስ ክፍላችን ንባብ ቤቱን ወርሶ ቅኔ ቤቱን ረስቶታል።

ማይክል ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር፤ እኛ አገር ቢወለድ ቡዳ እየተባለ ባደገ። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሠልጥኖ፣ የሚጠርዛቸውን እያነበበ አደገ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1860 የገና ሰሞን ለንደን ውስጥ ለልጆች ስድስት ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ ስድስቱም ስለ አንዲት ሻማ። ስለ ራሱ ግኝት፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ማውራት ይችል ነበር። እሱ ግን ማንም ልጅ ማታ እፍ ብሎ ከሚያጠፋት ነገር ተነሣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሻማ ይዤ ገባሁ፤ እስክርቢቶ አልያዝኩም። «ባለፈው ተሳስቻለሁ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ልጅ «ቲቸር፣ እስክርቢቶውን ልመልስ?» ሲል ነው ሳቅ የሆነው። ሦስቱንም ለኩሰን ያንኑ ብርጭቆ ደፋንባቸው። ውኃው ካለፈው ይበልጥ ወጣ።

«ብርጭቆው ያው ነው» አለች ያቺው ልጅ፤ «ኦክሲጅኑም ያው ነው። የጨመረው ሙቀቱ ነው።» ይህን እኔ አልነገርኳትም።

ስንበተን ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠበቀችኝ። እናቷ እንጀራ እየሸጡ ነው የሚያሳድጓት፤ ተስፋቸው ሁሉ ፈተናዋ ላይ ነው።

«ታዲያ ፈተና ላይ ከመጣ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ያየሽውን» ልላት አፌን ከፈትኩ። እናትየዋ ትዝ አሉኝና ዘጋሁት።