በክረምት ልጆቹን ከማድቤት አታስወጧቸው

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ወልዳችሁ የምታሳድጉ ወጣት እናቶችና አባቶች፣ ዘንድሮ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አምና ለቡሄ የሰፈሬ የወሰን ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ ከደጃፌ ተቀምጬ አየሁ። አንዱ ቤት ብር ይሰጣቸዋል፣ ሌላው የዳቦ ቤት ዳቦ በፌስታል ያቀብላቸዋል፤ ሙልሙል ይዞ የወጣ ሰው ግን አጣሁ። አንዷን ጎረቤቴን «ምነው ልጄ፣ አልጋገርሽም?» ብላት፣ «እማማ፣ ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ናቸው እኮ! ማድቤት ከገቡ ያተረማምሱብኛል» አለችኝ። ልጆቹ ቤት ስለዋሉ ነው እንግዲህ ሙልሙል የቀረው!

ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ እረኞቹ ልጆች የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው ፍለጋ ወጡ ብለው አባቶቻችን አስተምረውናል። ሙልሙል ከጥንትም የልጅ ዳቦ ነው። እናንተ ደግሞ ልጁን ከዳቦው ለያችሁት። ያውም በፍልሰታ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ በሚጾሙት ጾም! ቅቤም እንቁላልም የሌለበት ሊጥ፣ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ብቻ፣ በልጅ እጅ ቢነካ ምኑ ይበላሻል?

እናቴ እኛን አታስወጣም ነበር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና የክረምቱ ብርድ ወደ እኛ ሰፈር ይወርዳል፤ በሌላ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን የሚደርሰው የጤፍ ሊጥ በነሐሴ ይዘገያል። ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ሸፍና ምድጃው አጠገብ ታስጠጋዋለች፤ ጠዋት ክዳኑን እኔን ታስከፍተኝና «እስቲ እዪው፣ ደርሷል?» ትለኛለች። በላዩ የጠለለውን ውሃ ትቀንሳለች፤ ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ በፈላ ውሃ አብሲት ትጥላለች፤ ሲበርድ መልሳ ትቀላቅለውና ኩፍ እስኪል እንጠብቃለን። ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ይንቦገቦጋል፣ ጭሱ ዓይናችንን ይለበልበዋል፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። የመጨረሻው ሊጥ የእኔ ነበር። በጣሳ ቀድቼ እንጎቻ እጋግራለሁ፤ ዓይን ባያወጣም፣ ዳር ዳሩ ቢያርም፣ አባቴ ወጥ አስነክቶ «እሰይ የኔ ልጅ» እያለ ይበላው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁራሽ እንጀራ ወድቆ ባይ አንስቼ ስሜ ካላስቀመጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

የዛሬው ልጅ እንጀራ ከሱቅ በፌስታል የሚመጣ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ ግማሹን ትቶ ይነሣል። እናንተም ትቆጡታላችሁ። ማን አሳየውና? ሊጡን ሦስት ቀን የጠበቀ ልጅ እንጀራ አይጥልም። ከሰኔ እስከ መስከረም እቤት የሚውለውን ልጅ ሐምሌን በስልክ፣ ነሐሴን በቴሌቪዥን ታሳልፉታላችሁ፤ ገንዘብ ያላችሁ ማጠናከሪያ ትምህርት ትልኩታላችሁ፣ እንጦጦ ፓርክ ታዝናኑታላችሁ። ይሁን፣ አልከፋኝም። ማድቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን «ሂድ ከዚህ!» ነው።

ሥራ ውላችሁ፣ በታክሲ ሰልፍ ደክማችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን የእናንተ ነው። እሳቱንና ቢላዋውን እናንተ ያዙ፤ ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ሊጥ ማድቦልቦል የልጅ ሥራ ነው። ወንዱንም አስገቡት፤ ነገ በሰው አገር ሽሮ ማንተክተክ አቅቶት የሚራበው እርሱ ነው።

ሙልሙሉን ግን አሁንም አልተውኩትም። ዘንድሮ ነሐሴ 12 ዱቄቱን በጠዋት አቡኩ። ልጆቹን እጃቸውን አስታጥባችሁ ዙሪያውን አስቀምጧቸው፤ ለእያንዳንዱ ከሊጡ ቆንጥራችሁ ስጡት፣ እንደ ፈቀደው ያድቦልብለው። ዱቄቱ መሬት ይፈስሳል፤ ይፍሰስ፣ ራሳቸው ይጥረጉት። በማግስቱ ጨፋሪዎቹ ሲመጡ ከደጃፍ ወጥተው ሙልሙሉን የሚሰጡት እነርሱ ይሁኑ፣ ምርቃቱንም እነርሱ ይቀበሉ። ጠማማውን ደብቃችሁ የዳቦ ቤቱን ለእንግዳ እንዳታቀርቡ፤ ልጁ የጋገረውን ጠማማ ሙልሙል ለክርስትና አባቱ ራሱ ወስዶ ይስጥ።