ከውሃው ራስ ላይ ሆነን

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተነሱ ከ200 በላይ ወጣቶች ጣና ዳር ደረሱ። መፈክራቸው «ጣና ኬኛ» ነበር፤ ጣና የእኛ ነው ማለት ነው። ውሃው ውስጥ ገብተው ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም ከነሥሩ እየነቀሉ ወደ ዳር አወጡት። ያን ጊዜ በብሔሮች መካከል የነበረውን ውጥረት ለሚያስታውስ ሰው፣ ያ ጉዞ አረም ከመንቀል በላይ ነበር። ከእነሱ በፊትም የሐይቁ ዳር ገበሬዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ወጣቶች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ሲነቅሉ ከርመዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዙ።

ይህን ታሪክ ለወረዳችን ለጃናሞራ ወጣቶች ደጋግሜ አነሳዋለሁ። ወጣት አንድን ነገር ከልቡ ሲይዘው አገር እንዴት ዘወር ብሎ እንደሚያይ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ከዚያ ዘመቻ በፊት እምቦጭ የሚለውን ስም ያልሰማው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣናን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ይጨነቅ ጀመር። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሚያስተምረን ደግሞ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እምቦጩ ተመለሰ።

የተመለሰው ልጆቹ ስለሰነፉ አይደለም። እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ወደ እኛ አገር ከገባ ቆይቷል፤ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የታየውም መገጭ ወንዝ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። የሚመቸው ደግሞ ምግብ የበዛበት ውሃ ነው፦ ከማሳ ታጥቦ የመጣ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ።

እስቲ የመገጭን መንገድ ተከተሉት። ከጎንደር በላይ ካሉት ተራሮች ይነሳል። በከተማዋ ጥግ የሚያልፉት አንገረብና ቀሃ የከተማውን እድፍ ይዘው ይቀላቀሉታል። ከዚያ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ፣ የእርሻውን አፈር ጨምሮ፣ ጣና ይገባል። አረሙ መጀመሪያ ብቅ ያለው በዚህ ወንዝ መግቢያ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሺህ እጅ ከታች ሲነቅል፣ ከላይ ያለው ወንዝ አረሙን መቀለብ አላቆመም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም የሆነው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ተለቆ ክፉኛ ቢቀንስም፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ፍሳሽ ስላልቆመ ከዓመታት በኋላ እንደገና አንሰራርቷል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የጃናሞራ ውሃ ጣና አይገባም። መሸሃ በቧሂትና በራስ ደጀን መካከል ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ይዞ ይወርዳል፤ የሰሜን ተራሮች ውሃ የሚሄደው ወደ ተከዜ ነው። ከታች 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ሱዳን ገብቶ አትባራ በተባለችው ከተማ አጠገብ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ጣና ዳር ያለ ሰው «ከላይ የመጣብኝ ነው» ሊል ይችላል፣ እውነቱንም ነው። እኛ ግን ከበላያችን የሚጥልብን የለም። በተራሮቻችን ምንጭ አጠገብ ፌስታል ከተገኘ፣ የጣለው ከእኛው ወይም በእኛ በኩል ካለፈ እንግዳ እጅ የወጣ ነው።

ስለ ቆሻሻ ሲነሳ ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ትልቅ ከተማ ይቀስራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ቀን ያስታውሳል። ያ ሐዘን አይረሳም። ነገር ግን ቆሼም ቢሆን ባንድ ሌሊት አልተከመረም፤ ከ50 ዓመት በላይ ሲጣልበት ነው የኖረው፤ የእኛም ቆሻሻ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚከማቸው።

እናቶቻችን ጉድፍ የሚጥሉት ጓሮ ነበር። አመዱ፣ አተላው፣ ገለባው፣ የተሰበረው ቅል ሁሉ አፈር ይሆንና ጎመኑን ያፋፋዋል። እህል በአቁማዳ፣ ዱቄት በስልቻ፣ ጠላ በጋን ነበር። ያ ኑሮ የማይበሰብስ ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ «ወዲያ ጣለው» ማለት ጥፋት አልነበረም። ዛሬም ያው እጅ፣ ያው ልማድ ነው፤ የሚጣለው ዕቃ ግን ተለውጧል። ፌስታል፣ የብስኩት ልባስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ጓሮ ሲጣሉ አፈር አይሆኑም። ሽማግሌን ቆሻሻ ጣልህ ብሎ መገሰጽ ልክ የማይሆነውም ለዚህ ነው። እሱ አባቱ ያስተማረውን ነው ያደረገው። መነገር ያለበት ዕቃው መለወጡ ነው።

ለመንገር ደግሞ ከንግግር የሚበልጥ መንገድ አለ። በግ ስትታረድ ከከርሷ ውስጥ ተጠቅልሎ የጠነከረ ፌስታል የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሆዷ የሞላ መስሏት መብላት ያቆመችና የከሳች በግ ናት። አንድ የትምህርት ቤት ክበብ ልጅ ያንን ጥቅል አጥቦ ሰንበቴ ላይ፣ ወይም ዕድር ሲሰበሰብ፣ «አባባ፣ ይኸው ይህ ከበግ ሆድ የወጣ ነው፤ ይዩት» ብሎ ቢያስቀምጠው፣ የሰዓት ስብከት ያህል ይሠራል። በጉ ሀብቱ የሆነ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ሃይላንዱን ግን ከፌስታሉ ለዩት። የእኛ አገር ልጅ መንገደኛ ባየ ቁጥር «ሃይላንድ!» እያለ የሚሮጠው ባዶ ጠርሙሱ ስለሚጠቅመው ነው፤ ዘይት ይያዝበታል፣ ጸበል ይቀዳበታል፣ ወተት ይገባበታል። ይህ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ቅር ይለኛል፤ ዕቃን እስከ መጨረሻው የመጠቀም ጥበብ ነው። ልጆች ሊያስተምሩ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዘይትና ለውሃ እንደማይሆን። ማንበብ የሚችል ልጅ በጽሑፉ፣ የማይችለው በአደጋ ምልክቱ ሊለየው ይችላል። ይህ አንድ እውቀት ብቻ ቤት ቢገባ ሕይወት ያድናል።

ሌላው መንገዱ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን የሚሄደው መኪና በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሃል ያልፋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚህ መንገድ በመስኮት የሚወረወረው ጠርሙስና የተበላ ምግብ ትርፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። የምግብ ትርፍ ግን ውሻ ይስባል። የቀይ ቀበሮን ዘር ክፉኛ ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ሰሜን ላይ ያሉት ቀበሮዎች ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ሁለት ልጆች በየመኪናው አንድ አንድ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ቢያንጠለጥሉና ረዳቱን «ወንድሜ፣ ቆሻሻ እዚህ ይግባ በልልን» ቢሉት፣ ብዙ ወጪ የለውም።

ሕግ አለን ወይ ለሚል፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። በሁለቱ መካከል 18 ዓመት አለ። የመጀመሪያውን ክልከላ ያጨናገፈው፣ እንደኔ፣ ባለ ሱቋ በፌስታሉ ፈንታ ምን ትያዝ የሚለው ጥያቄ አለመመለሱ ነው። የእኛ አገር ሴቶች ደግሞ ከሣርና ከአክርማ የሚሠሩት እንቅብና መሶብ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። ገበያ ሲወጡ ዘንቢል ይዞ መሄድ እንደ ኋላ ቀርነት መታየቱን ማስቀረት ለወጣት ቀላል ነው፤ ራሱ ይዞት መታየት ብቻ ይበቃዋል።

ከጣና የምወስደው አንድ ነገር ጊዜውን ነው። ዘመቻው የገነነው በጥቅምት፣ ክረምቱ ያመጣውን አምጥቶ ካበቃ በኋላ ነበር። እኛ ከውሃው ራስ ላይ ያለን ሰዎች ጅጌ የምንጠራበት ወር ግንቦት መሆን አለበት። በበጋ የተጣለው ሁሉ በየፈፋውና በየቦዩ ተኝቶ የመጀመሪያውን ጎርፍ ይጠብቃል። ከገበያው በስተጀርባ ያለው ፈፋ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ቦይ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፤ እነዚህ ዝናቡ ሳይጥል መለቀም አለባቸው። የተለቀመውን የሚይዝ ጉድጓድ ደግሞ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ከቀበሌው ጋር ተመክሮ ቀድሞ ይቆፈር።

ከዚያ ሐምሌ ሲገባ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ደብተር ይዛችሁ ወደ ጅረቱ ውረዱ። አንድ ሰዓት ያህል ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁሙና ውሃው ይዞ የሚያልፈውን እየቆጠራችሁ ጻፉ፦ ስንት ፌስታል፣ ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ጫማ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ እንደገና ቁጠሩ።