ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ለሙእታ ዘመቻ ወጥቶ ነበር። ነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ኢስላም የተናገረው ያ ጃዕፈር ነው። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረዲየላሁ ዐንሃ) አብራው ሐበሻ ተሰዳ ሦስት ወንዶች ልጆችን የወለደችው እዚሁ አገራችን ነው።

አንድ ቀን አስማእ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ሳለች የአላህ መልዕክተኛ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ቤቷ መጡ። ልጆቹን አስጠርተው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም አነባ። ነገሩ ገባትና ስለ ጃዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። መገደሉን ነገሯት።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምግብ ለማዘጋጀት ልብ የለውምና።

እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ባሏን የቀበረች ሴት ለለቅሶ ደራሹ ምን ላቅርብ ብላ ትጨነቃለች። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፤ ዕዳው እሷ ጋ ይቀራል።

ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ግን ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። የልጆቹን ፀጉር አስላጩ፤ ዐብደላህን በመልክም በጠባይም እኔን ይመስላል አሉ። እናታቸው የየቲምነታቸውን ነገር ስታነሳ፣ ድህነት እንዳትፈራላቸው፣ በዱንያም በአኼራም ወሊያቸው እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። ጃዕፈርም በጀነት ሁለት ክንፍ እንደተሰጠው አበሰሩ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ልጁን ሲያገኘው የባለ ሁለት ክንፉ ልጅ እያለ ሰላም ይለው ነበር።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ «ሰብር አድርጊ» ብሎ መውጣት ቀላል ነው። የባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ በሯን የሚያንኳኳ ማን ነው? የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሟች የተበደረውን ማን ጠየቀ? ባሏ የሠራውን፣ እሷ ያልሰማችውን መልካም ነገር የምታውቁ ካላችሁ ንገሯት፤ ልጆቹም ይስሙት።

ዛሬ ከጁሙዓህ ሶላት ስንመለስ ድንኳኑ ከተነሳበት አንድ ቤት ጎራ እንበል። ባዶ እጃችንን ግን አንሂድ።

አላህ ለሞቱብን ይማርልን፣ የቀሩትን ያጽናልን፣ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ጁሙዓህ ሙባረክ!