ወገራን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ

አንድ ወዳጄ ለልጆች የጻፈውን ታሪካዊ ልብ ወለድ በድምፅ ሊያወጣው አስቦ እርዳኝ አለኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ትረካውን ከድምፆች ጋር አቀናጅቶ በስልክ እንዲደመጥ ማድረግ አይከብደኝም። ታሪኩ የጣሊያን ወረራ ዘመን ታሪክ ነው። ሉካ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር በመርከብ መጥቶ፣ ቀድሞ የገባው አባቱ ጋ ወገራ ይደርሳል። ብርዱን ይለምዳል፣ ገብስ ሲዘራ ያያል፣ ቡችላ ያሳድጋል። የሚወደድ ልጅ ነው።

ቤተሰብ ልጠይቅ ሳንጃ ስሄድ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእህቴ ልጅ ከፈትኩላት። እሷም ሰባት ዓመቷ ነው። ሰምታ ስትጨርስ «ታድለው! የማንም ያልሆነ ቦታ አገኙ» አለች። አያቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና «ወገራ ደግሞ መቼ ነው የማንም ያልነበረው?» አለች። አባቷ አርማጭሆ በረሃ ገብቶ ጣሊያንን የተዋጋ ሰው ነው።

ማታ ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። «ባዶ» የሚል ቃል የለበትም። ድምፁን ስከፍት ግን ነገሩ ገባኝ። ሉካ ወገራ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያስገባኋቸው ሦስት ድምፆች ናቸው፦ ነፋስ፣ ወፍ፣ የመኪና ሞተር። የሚጮህ ውሻ የለም። ከብት የሚጣራ እረኛ የለም። የቤተ ክርስቲያን ደወል የለም። ደራሲው ሰዎቹን ረሳቸው እንበል፤ አገሩን ባዶ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።

የታሪኩ መነሻ እውነት ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን በመጋቢት 1928 ከያዙ በኋላ «አማራ» ብለው ላዋቀሩት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። የፋሺስቱ መንግሥት የራሱን ገበሬዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሰፍሩ ድርጅቶች አቋቋመ። ከፑልያ የሚመጡት ጨርጨር፣ ከሮማኛ የሚመጡት ወገራ እንዲሰፍሩ ታቀደ። ሮማኛ የሙሶሊኒ የትውልድ አገር ናት፤ የወገራውንም ሰፈራ «የኢትዮጵያ ሮማኛ» አሉት። ዕቅዱ ነጻ መሬት ይፈልጋል፤ ደጋው ላይ ያለው መሬት ግን በአብዛኛው ርስት ነው፣ ከአባትም ከእናትም በዘር የሚወረስ። ባለቤት የሌለው መሬት ሳይሆን ባለቤቱ የበዛ መሬት ነው ማለት ነው። ባላገሩ ዝም አላለም፤ ጎንደር እነ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማን፣ አሞራው የተባሉትን አርበኛ፣ ያፈራች አገር ናት። ጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 እጁን ሲሰጥ የሰፈራው ሕልም አብሮ አበቃ።

ይህ የልጆች ታሪክ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ጣሊያን በወረረችን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር የሰፋሪ ቤተሰብ ታሪክ ታተመ። እጅግ የተወደደ የልጆች መጽሐፍ ነው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገሩ የአገሩን ነባር ነዋሪዎች «ሰዎች» ከሚለው ቃል ውጪ አድርጓቸው ነበር። ከአንባቢ ቅሬታ ሲመጣ አሳታሚው በ1953 እ.ኤ.አ. «ሰዎች» የሚለውን «ሰፋሪዎች» ብሎ አረመው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቃል!

እኔም ላርም ተነሳሁ። ወዳጄን አስፈቅጄ፣ ንዴት ይዞኝ ሁለተኛ ቅጂ ሠራሁ። የሉካ አባት ጨካኝ፣ ሉካም ክፉ ሆነ። ልጅቷ ሰማችና «ታዲያ ለምን አልገደሉትም?» አለችኝ። ደነገጥኩ። የጻፍኩት ስለ ፍትሕ መስሎኝ ነበር። እሷ የሰማችው ግን ልጅ በመወለዱ ብቻ ጥፋተኛ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ይሄ ደግሞ የዛሬ ጉዳይ ነው። «ሰፋሪ» የሚለው ቃል ዛሬ በአገራችን ጎረቤትን ከተወለደበት ቤት ለማስወጣት ሲያገለግል አይተናል። ቃሉን የሚወረውሩት ሰዎች አንድ ወቅት ልጆች ነበሩ፤ ማን «ሰው»፣ ማን «መጤ» እንደሆነ ከአንድ ተረት፣ ከአንድ ወሬ ተምረዋል።

ታዲያ ለልጅ ምን ይነገር? «ለልጅ ቀለል ይበልላት» የሚሉኝን እረዳለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የመርዝ ጋዝን ታሪክ አላራግፍም። ግን ማቅለል አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ማጥፋት ሌላ። ሉካ ንጹሕ ነው። ወደ ወገራ ያመጣው ዕቅድ ግን ንጹሕ አይደለም። የልጁ ንጽሕና ለዕቅዱ መሸፈኛ፣ የዕቅዱም ክፋት ለልጁ ወንጀል ሊሆን አይገባም። አዋቂዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች አብረን መያዝ ስለሚያቅተን ልጆች አይችሉም እንላለን።

ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሉካን እንዳለ መለስኩት። ትረካው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመርን፤ ድምፁ ላይ ግን ውሻ፣ እረኛ፣ ደወል አስገባሁ። ሉካ ይሰማና «አባ፣ ይሄ የማን ውሻ ነው?» ይላል። አባቱ ዝም ይላል፣ ዕቃ ማውረዱን ይቀጥላል።

የእህቴ ልጅ እዚያ ላይ ስልኩን አቆመችው። «አባቱ ለምን አልመለሰለትም?» አለችኝ። እኔም የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። «አያቴን እንጠይቃት» አልኳትና አብረን ተነሳን።