የከረመ አዲስ ሞተር ለምትገዛው ልጄ

ልጄ፣ የላክልኝን የሞተር ፎቶ አየሁት። ቆንጆ ነው። የ2023 ሞዴል ሆኖ እስካሁን ማንም ያልነዳው፣ ሱቅ ውስጥ የከረመ አዲስ ሞተር። ምርጫህን አልነቅፍም። እንዲያውም ዘንድሮ የወጣውን ካልገዛሁ አለማለትህ ደስ አሰኝቶኛል። ያሳሰበኝ ከፎቶው ሥር የጻፍካት ነገር ናት፤ «በወር 160 ብቻ ነው የሚሉኝ» ብለሃል። የሞተሩን ዋጋ አልነገርከኝም። ምናልባት አንተም አልጠየቅህ ይሆናል።

ይህች «በወር ስንት?» እዚህ አሜሪካ ከመጣን ወዲህ የለመድናት ጥያቄ ናት። መኪናው በወር፣ ስልኩ በወር፣ ሶፋው በወር። መርካቶ ገብታ ለአንዲት ነጠላ ግማሽ ቀን የምትከራከር እናት፣ እዚህ ሻጭ ፊት ስትቀመጥ የወሩን ክፍያ ሰምታ እሺ ብላ ትፈርማለች። ይሉኝታ ይይዘናል። ቋንቋው ያስፈራናል። ቡና ሲጋብዙንማ ጭራሽ አፋችን ይታሰራል።

እስቲ አብረን እናስላው። ሞተሩ 9,000 ዶላር ነው እንበል፣ ወለዱም በዓመት 9 በመቶ። በ72 ወር ከከፈልከው በወር 162 ዶላር ገደማ ይደርስብሃል። ትንሽ ይመስላል። ሲደመር ግን ወደ 11,680 ዶላር ነው። ያንኑ በ36 ወር ብትጨርሰው በወር 286 ገደማ ትከፍላለህ፤ ድምሩም 10,300 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ከ1,300 ዶላር ይበልጣል። ስትከራከር ውለህ 1,000 ዶላር ብታስቀንስና በወሩ ክፍያ ተታለህ 72 ወር ብትፈርም፣ ያስቀነስከው በሌላ በር ወጣ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ደግሞ ረጅም ነው ልጄ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሞተሩንም ይሸጣል። ዕዳው ግን ይከተለዋል።

ስለዚህ በወር ስንት እንደሚሉህ አትስማ። «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?» ብለው ከጠየቁህ፣ በትህትና «የክፍያውን ነገር በኋላ እናወራለን፤ መጀመሪያ ዋጋውን ንገሩኝ» በል። ቢደጋግሙት አንተም ድገመው።

ዋጋ ስልህ መለያው ላይ የተጻፈውን ማለቴ አይደለም። መኪና ቢሆን የፋብሪካው ዋጋ ተዘርዝሮ መስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ በ1958 የወጣ የፌዴራል ህግ ያስገድዳል። ሞተር ሳይክልን ያ ህግ አይነካውም። ሻጩ የሚያንጠለጥለው የራሱን ወረቀት ነው። ከዚያ በላይ የማጓጓዣ ይጨመራል፣ የመገጣጠሚያ ይጨመራል፣ «ዶክ ፊ» የሚሉት የወረቀት ሥራ ይጨመራል፣ ታክስና ታርጋ ይከተላል። ታክሱና ታርጋው የመንግሥት ነው፣ ከሻጩ ጋር አያከራክርህም። ሌላው ግን ያከራክራል። የወረቀቱን ክፍያ አንዳንድ ግዛቶች ገደብ አበጅተውለታል፤ እኛ ያለንባት ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ የላትም። መገጣጠሚያውም ቢሆን ይገርመኛል። ሁለት ዓመት ተገጣጥሞ የቆመን ሞተር ዛሬ ገና ከሳጥን እንደወጣ አድርገው ሲያስከፍሉ ፊታቸው አይቀላም።

አንድ ቁጥር ብቻ ጠይቅ። ከነታክሱ፣ ከነታርጋው፣ ከነምናምኑ፣ ቁልፉን ይዤ ስወጣ ስንት ነው? እነሱ «አውት ዘ ዶር» ይሉታል። በጽሑፍ ይላኩልህ። በኢሜይል ይሁን፣ በስልክ መልእክት ይሁን፣ ዋናው መጻፉ ነው። ከዚያ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሻጮችንም ያንኑ ጠይቅ። አንዱ መለያው ላይ ሺህ ዶላር ቀንሶ በማጓጓዣው ይመልሰዋል። የመጨረሻውን ቁጥር ስታስተያይ ነው የሚገለጥልህ።

አሁን ደግሞ ለምን መፍራት እንደሌለብህ ልንገርህ። አብዛኛው ሻጭ ሞተሩን ከፋብሪካ የሚያመጣው በብድር ነው፤ «ፍሎር ፕላን» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ወለዱ ቀላል ነው፤ ለጥቂት ወራት ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ጊዜው ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል። ሲቆይ ደግሞ አበዳሪው ከዋናው ገንዘብ ላይ እየቀነስክ ክፈለኝ ይለዋል። አዲሱ ሞዴል ይመጣል፣ ቦታ ይጠባል። ያ ያማረህ ሞተር ለሻጩ በየወሩ ኪሱን የሚነካው ዕቃ ነው። አንተ ስትጠብቅ ግን ምንም አይጎድልብህም።

ጠብቅ ስልህ ጊዜም ስላለው ነው። እኛ አካባቢ ከኅዳር እስከ የካቲት ሞተር የሚያስታውስ ሰው የለም። ያኔ ሂድ። የታክስ ተመላሹ እጅ ሲገባና ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ሞተረኛ ይሆናል፤ ሻጩም ይኮራል።

ምን ያህል ልስጥ ትለኝ ይሆናል። ያው የ2023 ሞዴል ጥቂት ማይል ተነድቶ ስንት እየተሸጠ እንደሆነ ቀድመህ አጥና። ሞተርህን ነገ ብትሸጠው ገበያው የሚያየው ሞዴሉን እንጂ የገዛህበትን ቀን አይደለም። ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። እግዚአብሔር አይበለውና ብትጋጭ፣ የሚገምቱልህ እንደ 2023 ሞተር ነው። በአዲስ ዋጋ ገዝተህ በአሮጌ ዋጋ ብትካስ፣ ቀሪውን ለባንክ የምትከፍለው አንተው ነህ። ስለዚህ «ከመለያው 800 ዶላር ቀነስንልህ» ሲሉህ በዚያ ብቻ አትደሰት።

አንዳንዴ ደግሞ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ይጨነቃል። የኦስትሪያው ኬቲኤም በኅዳር 2024 በዕዳ ፍርድ ቤት ሲገባ 130,000 ያህል ያልተሸጡ ሞተሮች ተከማችተውበት ነበር። ያወጣው የህንዱ ባጃጅ ገንዘብ ነው፤ ሀገር ቤት በሦስት እግሯ የምናውቃት ያችው ባጃጅ። እንዲህ ያለ ክምችት ሲኖር ዋጋ ይወርዳል። ግን ሲረክስ መለዋወጫውና ዋስትናው እንዴት እንደሆነ ጠይቅ። አቅራቢያህ የሚጠግነው ከሌለ ርካሽነቱ ምን ያደርግልሃል?

ሞተሩን ስታይ አትቸኩል። አዲስ ነው ማለት አልተጎዳም ማለት አይደለም። ባትሪው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ይቀየርልኝ በል። የጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እይ፤ 2223 ካለ በ2023 22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዋስትናው አንተ ከገዛህበት ቀን እንደሚጀምር በጽሑፍ ይስጡህ። አንዳንድ ሱቅ የሽያጭ ኮታ ለመሙላት ሲል ያልሸጠውን እንደተሸጠ አድርጎ ያስመዘግባልና፣ ዋስትናው አንተ ሳታውቀው መቁጠር ጀምሮ እንዳይሆን። የሻሲ ቁጥሩንም የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገባው። ፋብሪካው ለጥገና የጠራው ሞተር ከሆነ፣ ሳይጠገን እንደ አዲስ መሸጥ በህግ ክልክል ነው።

ብድሩን ደግሞ ሱቁ እስኪፈልግልህ አትጠብቅ። መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ሂድና የተፈቀደልህን ይዘህ ግባ። ሱቁ ከዚያ የተሻለ ካመጣ እሰየው። የኢንሹራንሱንም ዋጋ ቀድመህ ጠይቅ። በአንተ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ያውም ለፈጣን ሞተር፣ ከወሩ ክፍያ የማይተናነስ ሊሆን ይችላል።

ሲከራከሩህ አትቆጣ። ሻጩም የሰው ልጅ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ቁጥርህን ተናገርና ዝም በል። ዝምታው ቢከብድህም አንተ አትስበረው። እምቢ ካሉህ ስልክህን ትተህ አመስግነህ ውጣ። በሳምንቱ የሚደውሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ባይደውሉም ሌላ ሱቅ አለ፣ ሌላ የከረመ ሞተርም አለ። አንተ ነገር ታውቃለህ፣ ትዕግሥትም አለህ፤ ትምህርትህን የጨረስከው በማታ እየሠራህ አይደለም እንዴ?

የሚያስፈርሙህን ወረቀት ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። አስቸኳይ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ ዋጋው ይቀየራል ቢሉህም ላክልኝ። መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን መስመር አብረን እናየዋለን። የራስ ቁሩን ደግሞ እኔ ነኝ የምገዛልህ፤ በእሱ አንከራከርም።